ማንም ያልነካው ላፕቶፕ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም፣ ቋሪት ገበዝ ማርያም ውስጥ ነው። ለሰው ለመንገር ሞክሬ አልሆነልኝም። ኮምፒውተር የማያውቁት ገና ግማሹ ላይ ሳልደርስ ይሰለቻሉ፤ ኮምፒውተር የሚያውቁት ደግሞ ስለ ስሕተቱ ብቻ ጠይቀውኝ ይሄዳሉ። እኔን የሚከነክነኝ ስሕተቱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኮምፒውተር ስጠግን እውላለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ሊኑክስ ለሚባለው፣ በነጻ ለሚታደለው የኮምፒውተር ሥርዓት ፓኬጅ አዘጋጃለሁ። ፓኬጅ ማለት ማንም ሰው በአንድ ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ እንዲጭነው ተሰናድቶ የተቀመጠ ፕሮግራም ነው። ደመወዝ የለውም። እናቴ አንድ ቀን “ታዲያ ለጽድቅ ነው የምትሠሪው?” ብላ ጠየቀችኝ። “እንደዚያ በይው” አልኳት።

ወደዚህ ሥራ ጎትቶ ያስገባኝ ይበልጣል ነው። ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረን፣ ስንመረቅ እሱ ቡሬ እኔ ፍኖተ ሰላም ተቀጠርን። አባቱ መሪጌታ ልሳነወርቅ ገበዝ ማርያም ውስጥ የአብነት መምህር ናቸው፤ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብ ለልጃቸው ገና በልጅነቱ አስተምረውታል። ይበልጣል ያንን ስሌት ፕሮግራም አደረገው። ዓመቱን ሲነግሩት ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ያወጣል። በዚያ ላይ አሁን የትኛው የጸሎት ሰዓት እንደ ሆነ ይናገራል። ከዲያቆናትና ከሰንበት ተማሪዎች ብዙዎች ወደዱት። ፕሮግራሙን የሚጽፈው እሱ፣ ፓኬጅ አድርጌ የምልከው እኔ ነበርኩ።

ጠባዩ ጥሩ ነው፤ ሥራ ላይ ግን አያድርስ። “እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል” ካልኩት ቀኑን ሙሉ ሲያሾፍብኝ ይውላል። “ያንቺ ኮምፒውተር ውስጥ ምን ምን እንዳለ አንቺም አታውቂውም፤ ማሽንሽን አትመኚው” ይለኛል። እውነቱን ነው። አንድ ፕሮግራም ለመሠራት ሌሎች ፕሮግራሞች ያስፈልጉታል። እነሱ በአጋጣሚ ያንተ ኮምፒውተር ላይ ካሉ ሁሉም የተሟላ ይመስልሃል፤ ሌላ ቦታ ሲሄድ ግን ይወድቃል። ለዚህ ነው ባዶ ክፍል የምንሠራለት። ኮምፒውተሩ በውስጡ ምንም የሌለበት ክፍል ያበጃል፤ ፓኬጁ ያስፈልገኛል ያለውን ብቻ ያስገባለታል፤ እዚያው ሠርቶ፣ እዚያው ፈትኖ፣ ሲጨርስ ክፍሉን እንደ ሰርግ ዳስ ያፈርሰዋል። ይህ ሁሉ የሰው እጅ ሳይገባበት በራሱ ነው የሚካሄደው። ባዶው ክፍል ውስጥ ያለፈ የትም ያልፋል።

ይበልጣል ካቻምና ታመመ። ሲጀምረው ቀላል መስሎን ነበር። በኋላ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቱ ቢሆን ይሻላል ብለው የሕመም ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙት፤ ወላጆቹ ጋ ገባ። ኔትወርኩ እንደ ልብ ስላልነበረ ስንደዋወል ለአፍታ ነው። እንዴት ነህ ስለው ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ ደኅና ነኝ፣ እየሠራሁ ነው ይላል። እውነትም ይሠራ ነበር። አዲሱን እትም በፍላሽ አድርጎ በሚኒባስ ሹፌር ላከልኝ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ።

ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ተመልሼ ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለመክፈት አንጀቴ አልችል አለ።

ባለፈው ዓመት አዲሱ የሊኑክስ እትም ሊወጣ ሲቃረብ መልእክት መጣልኝ። የይበልጣል የቆየው ፓኬጅ ከአዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ጋር አልሄድ ብሎ ፈተናውን ወድቋል፤ በቶሎ ካልተስተካከለ ከእትሙ ይወጣል ይላል። ወጣ ማለት ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ሲያድሱ የሱ ፕሮግራም አብሮ አይመጣም። ስሙም እዚያው ይቀራል። ሰውዬውን ቀብረነው ዓመት ሳይሞላው ሥራውን ደግሞ ልንቀብር ነው ብዬ ክፉኛ አዘንኩ። ፍላሹን ያን ዕለት አወጣሁት።

የይበልጣል አዲሱ እትም ፈተናዎቹ ሳይጨመሩ እኔ ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ተሠራ። ባዶው ክፍል ውስጥ ሳስገባው ግን ወደቀ። መጀመሪያ የጎደለው አንድ ረዳት ፕሮግራም ነበር፤ እሱን ጨመርኩለት። ቀጥሎ አንዲት ፈተና አላልፍም አለች። ይበልጣል አዲስ የጻፋት ናት። ፕሮግራሙ “አሁን ሰዓቱ ይህን ያህል ነው” ሲል እሷ ደግሞ ኮምፒውተሩን ጠይቃ ታመሳክራለች። ሁለቱ በሦስት ሰዓት ተለያዩ። ባዶው ክፍል የአገራችንን የሰዓት ቀጠና ስለማያውቅ ነው ብዬ ቶሎ አስገባሁለት። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ሆነ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ስድስት ሲል ነገሩ ገባኝ። በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ነው። ፕሮግራሙ ልክ ነው፤ የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ መልሶ ይናገራል። ፈተናዋ ግን ኮምፒውተሩ የነገራትን ቁጥር እንዳለ ወስዳ የእኛ ሰዓት ነው ትላለች። እንዲህ ያለውን ስሕተት እኔ ብሠራው ማንም አይደንቀውም። ይበልጣል ግን እንዲህ አይጽፍም። ማሽንሽን አትመኚ እያለ ሲጨቀጭቀኝ የኖረ ሰው የማሽኑን ቃል እንዲሁ አይቀበልም። ስለዚህ በፍላሽ የላከልኝ ያላለቀውን ነው፣ ያለቀው ላፕቶፑ ላይ ቀርቷል ብዬ ደመደምኩ።

መሪጌታ ዘንድ ደውዬ ላፕቶፑ እንዳለ ጠየቅኋቸው።

“አለ ልጄ። እንዳስቀመጠው ነው፤ ማንም አልነካውም” አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ተሳፈርኩ። መሪጌታ ከቅዳሴ ተመልሰው ደጃፋቸው ላይ ጠበቁኝ። የይበልጣል እናት እማማ አትጠገብ ሲያዩኝ አቅፈውኝ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ትንሽ ተቀምጠን ስለ ጤናም ስለ አዝመራውም ከተጠያየቅን በኋላ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገቡኝ።

አልጋው ተነጥፏል። ራስጌው አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ጨርቁን ስገልጠው በርቶ ነበር። ይበልጣል ከሞተ ወራት አልፈዋል፤ የሱ ላፕቶፕ ግን ሶኬት ላይ ተሰክቶ ይሠራል። የይለፍ ቃል እንኳን አልጠየቀኝም። አንድ ሰው ከፍቶት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ፕሮግራሙን ፈልጌ አገኘሁ። ከፍላሹ ጋር ሳስተያየው ልዩነት የለውም፤ ያው ነው። ያለቀ የሚባል ሌላ አልነበረም። ቢጨንቀኝ ያችን ፈተና እዚያው ላፕቶፕ ላይ ሞከርኳት። አለፈች። ደገምኳት፤ አሁንም አለፈች። እኔ ዘንድ በስድስት ሰዓት የምትስት ፈተና እዚህ ቤት ውስጥ ያለ ምንም ችግር ታልፋለች።

በዚህ መሐል መሪጌታ ከውጭ ሆነው ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ ተማሪዎቻቸው ይጠብቋቸዋል። የላፕቶፑን ሰዓት አይቼ “ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነው” አልኳቸው።

ከተናገርኩ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ሳልቀንስ ነው ያነበብኩት። ኮምፒውተር ላይ ሰዓት ሳይ ዕድሜዬን ሙሉ ስድስት እቀንሳለሁ፤ የአገሬ ሰው ሁሉ ሳያስበው ያደርገዋል። እዚህ ግን የተጻፈውን እንዳለ አነበብኩት፣ ልክም ሆነ። እዚያ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ሰዓቱን እንዳየሁት እግዚአብሔር ይወቅ፤ አንዴም አልጠረጠርኩም። ወደ ማስተካከያው ገብቼ ስመለከት የላፕቶፑ የሰዓት ቀጠና ከባሕር ማዶ ወዳለ የደቡብ አሜሪካ አገር ተዛውሯል። እዚያ ሲደረግ የፈረንጁ ሰዓት ከእኛ አቆጣጠር ጋር ይገጥማል። ሥራ ያስለመደው እጄ ሊመልሰው ሄደ።

“ተይው ልጄ። እሱን አትንኪው።”

መሪጌታ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ለተማሪዎቻቸው ዛሬ ትምህርት የለም ብለው ልከው ገቡና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ነገሩኝ።

ይበልጣል ወደ መጨረሻው ከአልጋ መነሣት አቅቶት ነበር። መድኃኒቱ በየስድስት ሰዓቱ መሰጠት አለበት። ቀን እሳቸው፣ ሌሊት እማማ አትጠገብ ይጠብቃሉ። ሰዓቱን የሚያዩት ከላፕቶፑ ላይ ነው፤ ከሩቅ እንዲታያቸው ቁጥሩን አተልቆ ስክሪኑ ላይ አድርጎላቸዋል። የፈረንጁ ሰዓት ግን መሪጌታን አደናገራቸው። አንድ ቀን ተሳስተው መድኃኒቱ ዘገየ፤ ልጃቸው በሕመም ሲቃትት ዋለ። ሲመሽ ቀና እንዲል ደግፈው አስቀመጡት፤ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ አንድ ነገር ነካካ።

“‘አባ፣ ከእንግዲህ በእርስዎ ሰዓት ነው የሚሄድ፤ አይቸገሩ’ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተሳስቼ አላውቅም” አሉ መሪጌታ።

ያቺን ፈተና የጻፋት ከዚያ በኋላ ነው። ላፕቶፑ አራት ሰዓት ሲለው እንደኔው ሳይቀንስ ተቀበለ። ሰዓቱን የለወጠው ራሱ መሆኑን ረስቶታል። እንዲያ የሚጠነቀቅ ሰው ይህን የረሳው ምን ያህል ቢጎዳ ነው አልኩ። በስልክ ደኅና ነኝ ሲለኝ አምኜው ነበር። ሕመሙ ምን ያህል ጠንቶበት እንደ ነበር እውነቱን የነገረችኝ ያቺ የተሳሳተች ፈተና ናት። በአባቱ ፊት ማልቀስ ባልፈልግም አለቀስኩ።

እንባዬን ጠርጌ የራሴን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ማስተካከሉ ከባድ አይደለም። ፈተናዋ ከእንግዲህ ማሽኑን ሰዓት እንዳትጠይቅ፣ እኔ በሰጠኋት ቁርጥ ያለ ሰዓት ላይ ብቻ እንድትፈትን አደረግኋት። ባዶውን ክፍል እዚያው አቆምኩና ፓኬጁን አስገባሁት። እሱ ሲሠራ መሪጌታም እኔም ስክሪኑን እናያለን። የሚሮጠው ጽሑፍ ለእሳቸው ትርጉም ባይኖረውም ዓይናቸውን አልነቀሉም። አለፈ።

ለመናገር አፌን ስከፍት የይበልጣል ላፕቶፕ ጮኸ።

ድምፁ ቤቱን ሞላው። ቀትር፣ ስድስት ሰዓት ሆኗል። እማማ አትጠገብ ከጓዳ ብድግ ብለው መጡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ አልጋውን አዩና ተመለሱ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው ደወሉ እስኪያበቃ ጠበቁ። ሲያበቃ ቀና አሉ። ሁለቱም ይህን የለመዱት እንደ ሆነ ያስታውቃል።

ምን እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው።

“የመድኃኒቱ ሰዓት ነው” አሉኝ።

ጠዋት ይደውላል፤ ቀትር ይደውላል፤ ማታ ይደውላል፤ እኩለ ሌሊት ይደውላል። ልጃቸው ከሞተ ጀምሮ አልቆመም። መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ሲጠፋ መሪጌታ ልጃቸው ያሳያቸውን ቁልፍ ተጭነው ያስነሡታል፤ ሰዓቱ ሲደርስ እንደገና ይጮኻል። ለምን እንዳላጠፉት ጠየቅኋቸው። ጥያቄው ራሱ ገረማቸው።

“እንዴት አድርገን እናጠፋለን ልጄ? ሲናዘዝ ‘ሥራዬ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው፤ ማንም እንዳይነካብኝ’ ብሏል። የኑዛዜ ቃል አይደለም? አንዱን ስንነካ ሌላው ቢጠፋ፣ ቃሉን አፈረስን ማለት አይደለም?”

እነዚህ ሰዎች በየስድስት ሰዓቱ ልጃቸው እንደገና ሲሞት ሰምተዋል፤ ለሱ ብለው ነው። ደወሉን ማጥፋት ሥራውን እንደማያጠፋ የነገራቸው ሰው አልነበረም። የሚያውቅ ሰው ቢመጣ ደግሞ እሱንም እንዲነካ አይፈቅዱም ነበር። እኔን ላፕቶፑ ፊት ያስቀመጡኝ የሥራ ጓደኛው ስለ ሆንኩ ነው።

ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። ሥራው አሁን እኔ ዘንድ ነው፤ ፍኖተ ሰላም እንደ ገባሁ በዓለም ዙሪያ ወዳሉ ኮምፒውተሮች እልከዋለሁ አልኳቸው። ባዶው ክፍል ምን እንደ ሆነ፣ ያቺ ፈተና የእሳቸውን ሰዓት ይዛ እንደ ነበረም ነገርኳቸው፤ ሥራው አሁን ከዚህ ቤት ምንም ሳይወስድ እንደ ተሠራ። መሪጌታ ተማሪ እንደሚጠይቁ አድርገው ጠየቁኝ።

“ይህ ላፕቶፕ ቢሰበርስ?”

“ሥራው ምንም አይሆን አባ።”

“ቢሰረቅስ?”

“ምንም አይሆን።”

“ያቺ የእኔ ሰዓትስ? ከሥራው ውስጥ ወጥታለች?”

“ወጥታለች አባ።”

ላፕቶፑን ተመለከቱት። ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም።

“እንግዲያስ ቃሉን ጠብቀናል። አጥፊው” አሉ።

ከማጥፋቴ በፊት እማማ አትጠገብን ጠሯቸው። መጥተው ከኋላዬ ቆሙ፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ደወሉን ፈልጌ ሁለት ጊዜ ጠቅ አደረግሁ። ጠፋ። ሌላ የሚሠራ ነገር የለም።

“በቃ? ይኸው ነው?” አሉኝ።

“አዎ እማማ።”

“ይችን ታህል ነበር?” ብለው እጃቸውን አነሡና ወደ ጓዳ ሄዱ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መኪና ስላልነበረ እዚያው አደርኩ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መሪጌታና እኔ ደጅ መደብ ላይ ተቀምጠን እናወራለን፤ እማማ አትጠገብም ምስር እየለቀሙ አጠገባችን ናቸው። መሪጌታ ይበልጣል በልጅነቱ በስሌት ጥያቄ ሲያጣድፋቸው እንዴት ያስቃቸው እንደ ነበር ይነግሩኛል። ድንገት እማማ አትጠገብ ሰፌዱን አስቀምጠው ተነሡ። ወደ ውስጥ ገቡ። ስልኬን አየሁ፤ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ላፕቶፑ ድምፅ አላሰማም። እሳቸው ግን ውስጠኛው ክፍል ገብተው ትንሽ ቆዩ፤ ወጡና ሰፌዳቸውን አንሥተው ምስሩን መልቀም ቀጠሉ። መሪጌታ ወሬያቸውን አላቋረጡም።

ፓኬጁ በጊዜው ደረሰ፤ እትሙ ውስጥ ገባ። የደራሲው ስም ይበልጣል እንደ ሆነ አለ። የሆነ ነገር በተለወጠ ቁጥር ማናችንም በማናውቀው ቦታ ባዶ ክፍል ይሠራለታል፣ ይፈተናል፣ ያልፋል። የሚያውቁን ሰዎች ስሙን አስጠራሽለት እያሉ ያመሰግኑኛል። ምስጋናውን እቀበላለሁ፤ ደስ ብሎኛል ብል ግን ውሸቴን ነው። ይበልጣል ለአባቱ ብሎ ያደረጋትን ነገር ከሥራው ነቅዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መውጣት ነበረባት። ቢሆንም ያሳዝነኛል።

ለበዓል ገበዝ ማርያም እደውላለሁ፤ አንዳንዴም እንዲሁ ሲናፍቁኝ እደውላለሁ። ቀትርና ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግን አልደውልም። በዚያ ሰዓት እማማ አትጠገብ የት ቆመው እንደሚሆኑ አውቃለሁ።